የጓዳው ዓሣ

ደንዲ፣ ቴይ ወንዝ ዳር፣ ጭጋግ የሚያድርበት፣
አባቴ ምግብ ቤት ነበረው፣ «ታጅ ማሃል» የሚሉት።
ታጅ ማሃልን በዓይኑ አላየም፤
ከቀን መቁጠሪያ ቀዶ ሰቀለው እንጂ፣ በየት እንደሚኬድም አያውቅም።

የሲልሄት ሰው ነው፣ የረግረግ አገር ልጅ፤
«የህንድ ምግብ» ብሎ ጻፈ ከደጅ።
ምን ያድርግ? የእሱን አገር ስም ማን ሰምቶት ነበር፣
በሬዲዮ ጎርፍ ሲባል፣ ረኃብ ሲባል በቀር።

ክሬም ሲሉት ክሬም ጨመረላቸው፤
ስኳር ሲሉት ስኳር፤ ቀይ ሲሉት ቀለም ነከረላቸው።
ለወጡ ስም አወጣለት፣ እናቱ የማታውቀው፤
ብትቀምሰው ኖሮ፣ «የሠራው ሰው ታሟል?» ብላ በጠየቀችው።

ማታ ግን፣ የመጨረሻው ሰካራም ሲወጣ፣
ወንበር ሁሉ ተገልብጦ እግሩን ወደ ሰማይ ሲያወጣ፣
ከጓዳ ሌላ ሽታ መጣ፤
ሹትኪ፣ ፀሐይ ያደረቀው ዓሣ፣ በሚጥሚጣ በነጭ ሽንኩርት፣
ሎሚም ብርቱካንም ያልሆነ፣ የሻትኮራ ልጣጭ ያለበት።
ሠሪው ቶይሙስ አሊ ነው፣ ከወጥ ቤቱ በላይ የሚተኛ፣
ለሚስቱ ድምፅ በደቂቃ የሚከፍል፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት መንገደኛ።

«ሩክሳና፣ መስኮቱን ዝጊ! ጎረቤት ይሸተዋል።
ማዘጋጃ ቤት ይጽፍብናል፤ ደንበኛ ይሸሻል።»
ዘጋሁ። በማግስቱ፣ ትምህርት ቤት፣
አፍንጫቸውን ያዙብኝ። ፀጉሬን ሁለቴ አጠብኩት።

ካለም የሚባል ልጅ ነበረን፣ ሳህን አጣቢ፣ ባለ ቀይ ፀጉር፤
ከቶይሙስ ጎን ይቀመጣል፣ በእጁ ይበላል፣ ሳያፍር።
እንባና ንፍጡ ሲወርድ ቶይሙስ በሳቅ ይፈርሳል፤
«ይሄስ ያገራችን ልጅ ነው» ይላል፣ ሳህኑን ደግሞ ይሞላል።

ቶይሙስ በጥር ሞተ። እዚያው ፎቅ ላይ።
ሬሳውን በአውሮፕላን ላክነው።
ካለም ያኔ ለንደን ነበር፤ አልነገርነው።

ዘንድሮ ተመልሶ ከመንገዱ ማዶ ቤት ከፈተ።
ያልተላገ እንጨት፣ ሻማ፣ ጥቁር ሳህን።
የምግብ ዝርዝሩ፦
«የተረሳ ዓሣ። ጭስና ጊዜ። አሥራ ስምንት ፓውንድ።»

የተረሳ?
ማን ነው የረሳው?

ጋዜጣው ደግሞ «ካለም ያገኘው ጣዕም» አለ፤
እንደ ደሴት አገኘው፣ ሰው ያልነበረበት ይመስል፣
እሳት ነዶበት የማያውቅ ይመስል።

ወንድሜ ጁቤር ጠረጴዛ ደበደበ፤ «ሌባ!»
ጓደኛው፣ «ምግብ እኮ ፓስፖርት የለውም» አለ።
«የለውም፤ ለዚያ ነው የሚያልፈው።
የቶይሙስ ሚስት ግን አራቴ ቪዛ ተከልክላለች።»
«እኛስ በህንድ ስም አልነገድንም?» አለች እናቴ፣
ሽንኩርቷን ከመላጥ ሳታቆም።
ማንም አልመለሰላትም።

አባቴ ክራቫት አሰረ። መንገዱን ተሻገርን።
ሹካውን ገፋ አደረገ። በእጁ ጎረሰ። ቤቱ ጸጥ አለ።
አኘከ። አኘከ።
«ሻትኮራው አንሷል» አለ።

ካለም ከወጥ ቤት ወጣ፣ ፊቱ ከፀጉሩ ብሶ ቀልቶ፣
«ሚስተር ኡላህ፣ እርስዎ አይከፍሉም» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።
አባቴ ሳንቲሙን አንድ በአንድ ቆጠረ፤
«እኔ ጓዳ ስትበላ አልከፈልክም፤ ያ ራት ነበረ።
ይሄ ሱቅ ነው።» እስክሪብቶ አወጣ፤
«የተረሳ»ን ሰርዞ «የቶይሙስ አሊ» ብሎ ጻፈና ወጣ።

ካለም ስሙን ይተወው አይተወው አላውቅም፤
ዝርዝሩ በየሳምንቱ ይታተማል አሉ፤ ተመልሰን አላየንም።
ጁቤር እስከ ዛሬ ይሳደባል፤ አልፈርድበትም።

አባቴን ግን ጠየቅሁት፣ ጭጋጉ መሐል፣ «ሰረቀን?»
ቁልፉን በኪሱ ሲፈልግ ቆየ።
«የቀበርነው እኛ፤ ቆፍሮ የሸጠው እሱ።
የቱ እንደሚብስ አላውቅም፣ ልጄ።»

ያን ማታ ሹትኪ ጣደ።
የጓዳውን መስኮት ልከፍት ሄድኩ፤
በስንት ዓመት ቀለም ተጣብቋል።
በሽንኩርት ቢላዋ ጠርዙን
ፈለቀቅኩት።